ዋንጫው በናዝሬት ሲያልፍ

የካቲት 21 ቀን 1968 ዓ.ም. 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ስምንቱ ቡድኖች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ኡጋንዳ አዲስ አበባ ላይ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ድሬዳዋ ላይ ተመደቡ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በሐዲድ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ናዝሬት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እዚያው መስመር ላይ ተቀምጣ ሳለ ዋንጫው አልፏት ሄደ።

ውድድሩ ወትሮም የሚያርፈው ማጓጓዣው በሚያደርሰው ቦታ ነው። በጥር 1954 ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ስለነበሩ አንድ ስታዲየም በቂ ነበር፤ ኢትዮጵያም በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን እዚያው አዲስ አበባ አስቀረች። በ1960 ቡድኖቹ ስምንት ሲሆኑ አስመራ ሁለተኛ አስተናጋጅ ሆነች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት ነው። ታቦት የሚሸኘው ሕዝብና ኳስ ተመልካቹ በአንድ ቀን ጎዳናውን ተጋሩት ማለት ነው።

ድሬዳዋ የአውሮፕላን ማረፊያም የባቡር ጣቢያም ነበራት። በመኪና መሄድ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ከአዋሽ ወዲያ ያለው የአሰበ ተፈሪና የቁልቢ መንገድ ዳገትና ጠመዝማዛ የበዛበት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በሎንቺና የሚሄድ መንገደኛ ድሬዳዋ የሚደርሰው አቧራ ለብሶ ነበር። ስለዚህ ሜዳ የሚገባው ቡድን በአየር፣ ቲፎዞው ደግሞ በሐዲድ ቢሄድ ይሻለው ነበር።

ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ናዝሬት ላይ ባቡሩ ሲቆም ጣቢያው ወዲያው ገበያ ይሆን ነበር፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና ሸንኮራ በመስኮት ይሸጣል፣ መልሱ ሳይሰጥ ባቡሩ ይነሳ ነበር። ከጣቢያው ውጭ ጋሪዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። በአውራ ጎዳናው በኩል ደግሞ ከአሰብ የሚመጡት ተሳቢዎችና የወንጂ ስኳር ይተላለፉ ነበር፣ የአሰላው መንገድም ከዚሁ ይነሳል። ለመኪና ከዚህ የተመቸ ከተማ አይገኝም ነበር፤ ዋንጫ ለማስተናገድ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን በዚህ መስመር ማጓጓዝ ለአገሩ ሰው አዲስ አልነበረም። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደው ተሳላሚ በባቡር፣ በአውቶቡስና በእግር ይሄድ ነበር። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከዚያ የበለጠ የልምምድ ሜዳ አያገኝም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሌላ በኩል ትራንስፖርት ምን ያህል ስሱ ጉዳይ እንደሆነ መንግሥት አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1966፣ በነዳጅ ዋጋ የተነሳው የታክሲ ነጂዎች አድማ ዘውዱን ካናጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ውድድሩ መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮና ጊኒ 1 ለ 1 ወጥተው፣ ዋንጫው ለሞሮኮ ሆኖ አበቃ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ከሶማሊያ ጋር በተነሳው ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ። ዋንጫው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ የድሬዳዋው ምድብ በባቡር የሚሄድ ተመልካች አያገኝም ነበር።

የስምጥ ሸለቆው መንገድ ደግሞ በኅዳር 2008 ተፈተነ። የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርንና ሐዋሳን ሲመርጥ የሐዋሳው ተጓዥ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ወረደ። የያኔዋ ናዝሬት፣ የአሁኗ አዳማ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ቀረች። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የክፍያ ፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ተመርቆ ነበር፤ ሞጆ ላይ ከእሱ የወረደው መኪና ግን ጋሪ፣ ከብትና ባጃጅ ከሚጋሩት ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ጋር ይገናኝ ነበር። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ የተጀመረው ይህንኑ ለማቃለል ነው።

አዳማ ተራዋ የደረሳት በአገር ውስጥ ውድድር ነው። በ2014 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከከተማ ከተማ መንከራተቱን ትተው ለብዙ ሳምንት በአንድ ከተማ ሰፍረው ሲጫወቱ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሆነች። አሥራ ስድስት ቡድን አንድ ቦታ ማኖር ከማመላለስ ይቀላል፤ ወጪውም ወደ ሆቴል ይዞራል። የአፍሪካ ዋንጫ ግን ዛሬ 24 ቡድን ነው፣ በዚህ ብልሃት አይገፋም። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በአዳማ ያልፋል፤ ጣቢያው ግን ከመሐል ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ የወረደ ተሳፋሪ አባዱላ ወይም ባጃጅ ሳይዝ ስታዲየም አይደርስም።