የሰንጠረዥ ንጉሥ እንዴት ይሙት?

የካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በአንድ ቀን ጦርነት ሁሉን አጡ። በበየዳ ጎረቤት በጃናሞራ የሚገኘውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ ነው ይባላል። ጦርነቱ በተፈጸመ በቀናት ውስጥ ግን ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ደረስጌ ላይ ድል አድራጊውን ደጃዝማች ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው።

በዘመኑ የመኳንንት ዕጣ እንዲህ በድንገት የሚገለበጥ ነበር። መኳንንቱ የሚወዱት ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን ቼዝ ግን ለድንገተኛ ሞት ክብር አልነበረውም።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት ረጅም ዕድሜ አለው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴም የጨዋታው ወዳጅ እንደነበሩ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ያውቁ እንደነበር ይነገርላቸዋል።

ሕጉን የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ሰብስቦልናል። ገበታው መስመር የተሰመረበት ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ወረራ ይባላል፦ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ተራ ይያዛል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፍጻሜው ነው። ንጉሥን ብርቱ ጠጠሮች በሆኑት በደር ወይም በፈረስ መግደል ያሸንፋል፤ ነገር ግን ጨዋ ተጫዋች አይኮራበትም። በደካሞቹ በፊል ወይም በፈርዝ የገደለ ይመሰገናል፤ ተራ ወታደር በሆነው በመደቅ የገደለ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ጭራሽ አይገደልም፤ ጨዋታው እኩል ይወጣል። ከንጉሡ ጋር አንድ ትልቅ ጠጠር (ከመደቅ ሌላ) ብቻ የቀረ እንደሆነ ባላጋራው ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መጨረስ አለበት። ኃይል ያለው ሁሉ እንዳሻው አይገድልም ማለት ነው።

ኃይል ያለው እንዴት ይግደል የሚለው ጥያቄ በሌላ የጨዋታ ዓለም ዛሬም ያጨቃጭቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ በታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያሳድጋሉ። የጨዋታው መሪ ያንን ሰው በአንድ ቃል ሊገድለው ይችላል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለውድድር ያቀረበው «ቱም ኦፍ ሆረርስ» የተባለ የጀብዱ ታሪክ በዚህ ይታወቃል፦ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ወደዚያ ዘልቆ የገባ ገጸ ባሕርይ ወዲያው ይጠፋል፤ ሥጋውም፣ ትጥቁም፣ የተደከመበት ታሪኩም።

ወጥመዱ ብልሃት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሰንጠረዥ አባቶች ጋር ነኝ። ሞት አይኑር አላሉም፤ ገዳዩ ግን ጥበቡን ያሳይ፣ ተሸናፊውም እስከ መጨረሻው የሚንቀሳቀስበት ዕድል ይኑረው አሉ።

ዛሬ ሰንጠረዥ በዓለም አቀፉ ቼዝ ተተክቶ ከሞላ ጎደል ተረስቷል። በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በበየዳ የቼዝ ክበብ ለማቋቋም የሚያስብ መምህር ካለ፣ በሳምንት አንድ ቀን በጨርቅ ላይ መስመር አስምሮ ለልጆቹ ወረራውን፣ የሰባቱን እርምጃ ቆጠራና በመደቅ መግደልን ቢያስተምርልን ምንኛ ደስ ባለኝ።