ለመብረር መጀመሪያ ቋንቋ

ዛሬ የምናነሣው የአውሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ታሪክ ነው። ይኼ ደግሞ ገና ፊደል ለሚቆጥር ሰው ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

ቤሲ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1892 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። እናቷ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ጥጥ ሲደርስ ይዘጋል፤ ልጁ ሁሉ ወደ ለቀማ! ቤሲ ግን በሂሳብ ጎበዝ ስለነበረች የጥጡን ሚዛን የምትመዘግበው እርሷ ነበረች። ቁጥር የማያውቅ ሰው ሚዛን ላይ ምን እንደሚደርስበት ገበያ የምትወጡ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ካደገች በኋላ ቺካጎ ገብታ ፀጉር ቤት ውስጥ የደንበኞችን ጥፍር እያሳመረች ትኖር ጀመር። አብራሪ ለመሆን ብታመለክት የአገሯ ትምህርት ቤቶች ጥቁርም ሴትም ነሽ ብለው መለሷት። የ«ቺካጎ ዲፌንደር» ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ፈረንሳይ ሂጂ፣ መጀመሪያ ግን ቋንቋቸውን ተማሪ አላት። ከሥራዋ ጎን ፈረንሳይኛ ተማረችና በ1920 መጨረሻ ባሕር ተሻገረች።

የተቀበላት በሰሜን ፈረንሳይ፣ ለክሮቷ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የኮድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ነው። አውሮፕላኑ የእንጨትና የጨርቅ ሥራ፣ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር። ፍሬን እንኳ የለውም፤ ሲያርፍ የሚቆመው ጭራው ሥር ያለው ብረት መሬቱን እየፋቀ ነው። አስተማሪው ከፊት፣ ተማሪዋ ከኋላ ይቀመጣሉ። ታዲያ ሞተሩ ስለሚጮህ አንድም ቃል አይሰማ! የመሪው ዘንግ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ እግሯ ሥር ያለውን በስሜት ተከትላ ነው የተማረችው። ያን ያህል የደከመችበት ፈረንሳይኛ የሚያገለግላት መሬት ላይ ነበር። አንድ ተማሪ ዓይኗ እያየ ተከስክሶ ሞተ፤ እርሷ ግን ትምህርቱን አላቋረጠችም።

ፈተናው አየር ላይ ስምንት ቁጥር መሥራትንና ሞተር አጥፍቶ ከተወሰነ ሥፍራ አጠገብ ማረፍን ይጨምር ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1921 (እ.ኤ.አ.) ፈቃዱን ተቀበለች። ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት እርሷ ናት። ወረቀቱ ላይ የትውልድ ዘመኗ 1896 ይላል፤ አራት ዓመት ቀንሳለች። ይኼን እንኳ እለፉላት።

ምኞቷ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። በየከተማው የበረራ ትርዒት እያሳየች ገንዘብ ስታጠራቅም፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1926 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ላይ ከአውሮፕላን ወድቃ ሞተች። የሚያበረው መካኒኳ ነበር፤ እርሷ ወደ ታች ለማየት ስትል ቀበቶዋን አላሰረችም። ትምህርት ቤቱም ሳይከፈት ቀረ።

እዚያው ቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር መካኒክ ነበር። እርሱንም የበረራ ትምህርት ቤቱ ሲከለክለው በዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ከኋላ ያዳምጥ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ተቀብለውት ተመረቀ፤ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖም ሌሎች ጥቁሮችን አስተማረ። ይኼ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችንን መርቷል። በ1944 ተመልሶ መጥቶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተማረ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበረ።