«ባንክ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ይዞ መገኘቱ ነው። ለምሳሌ «ባንክ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃሉ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ወደ አማርኛችንም የገባው በዚሁ ትርጉም ነውና። ነገር ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዓሣ አጥማጁ በ«ባንክ» ላይ ተቀምጦ መረቡን ሲጠግን ይገኛል። ዓሣ አጥማጅ በገንዘብ ቤት ምን ይሠራል? በዚህ ስፍራ ቃሉ የወንዝ ዳር ማለት ነው። እንደዚሁም በባሕር ውስጥ የተቆለለ አሸዋና በሰማይ የተከመረ ደመና «ባንክ» ይባላሉ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሸክም እንዴት ሊሸከም ቻለ? ለዚህ መልስ ለማግኘት መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃምና ታሪክን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የውጭውን አገር ታሪክ በፈረንጆች፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አቀርባለሁ።

የቃሉ ሥር የሚገኘው በጥንት የጀርመን ወገን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ከፍ ያለና የተደለደለ ነገርን ያመለክት ነበር። ይህ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አወጣ። አንደኛው የአፈር ቁልል ማለት ሆነ፤ በ9ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሰፈሩት የሰሜን ባሕረኞች ይዘውት መጡ፤ በ1200 ገደማም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የወንዝ ዳር ተብሎ ይገኛል። ሁለተኛው ግን አግዳሚ ወንበር ማለት ሆነ፤ እንግሊዞች ዛሬ «ቤንች» የሚሉት ነው።

አፈርና ወንበር እንዴት ከአንድ ሥር ይወጣሉ የሚል ቢኖር፣ ወደ አገራችን ቤት ይመልከት። በግድግዳ ሥር ከጭቃ የሚሠራው መደብ ከፍ ያለ አፈር ነው፤ መቀመጫም ነው። ከዚህም በላይ ነጋዴ በገበያ ዕቃውን የሚዘረጋበት ስፍራ መደብ ይባላል። እንግዲህ የባዕዱ ቃል የሄደበትን መንገድ የኛም ቃል ሄዶበታል ማለት ነው።

ወንበር የሚለው ቅርንጫፍ ከጀርመን ወገን ሕዝቦች ጋር ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ «ባንኮ» ወይም «ባንካ» ተባለ። በመካከለኛው ዘመን የኢጣልያ ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ስለ ነበር፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ነጋዴ ገንዘብ መመንዘር ግድ ሆነበት። ከዚህ የተነሣ መንዛሪዎች በገበያው መካከል አግዳሚያቸውን ዘርግተው፣ ሚዛናቸውንና መዝገባቸውን ይዘው ይቀመጡ ጀመር። በቬኒስ ከተማ ሪያልቶ በተባለው ስፍራ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ለእነዚህ ሰዎች በዐደራ ይሰጡ ነበር። ዕዳ ለመክፈልም ወርቅ መሸከም ቀረና፣ ባለ አግዳሚው ከአንዱ ሰው ሒሳብ ቀንሶ በሌላው ሒሳብ ላይ መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። በ1397 የሜዲቺ ቤተሰብ በፍሎረንስ የታወቀውን ባንክ ሲያቋቁም፣ ወንበሩ ስሙን ለታላቅ ሥራ ሰጥቶ ነበር።

ከዚያው ወንበር ሌሎች ቃላትም ተወልደዋል። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በእንግሊዝኛ «ባንክራፕት» ይባላል፤ ይኸውም «የተሰበረ አግዳሚ» ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው። ዐደራውን ያጐደለ መንዛሪ ወንበሩ በሕዝብ ፊት ይሰበርበት ነበር ተብሎም ይተረካል። ታላቅ ግብዣ «ባንኬት» መባሉም ከትንሽ አግዳሚ ነው። በየቡና ቤቱ የምናየው «ባንኮኒ» የኢጣልያ ቃል ስለ ሆነ የዚሁ ዘመድ ነው። ግሪኮች ግን ባንክን «ትራፔዛ» ይሉታል፤ የኛ «ጠረጴዛ» ከዚሁ ቃል የተገኘ ነው። አንዱ በወንበሩ፣ ሌላው በጠረጴዛው ሰየመው እንጂ ሥራው አንድ ነው።

የኢጣልያ ነጋዴዎች ወደ ለንደን ሄደው የተቀመጡበት መንገድ እስከ ዛሬ የሎምባርድ መንገድ ይባላል። በ1694 የእንግሊዝ ባንክ ተቋቁሞ ለመንግሥቱ 1,200,000 ፓውንድ አበደረ። በ1937 ደግሞ በርናርድ ፋንተስ የተባሉ ሐኪም በቺካጎ ለበሽተኞች የሚሰጥ ደም የሚጠበቅበትን ክፍል «የደም ባንክ» አሉት፤ ደምም እንደ ገንዘብ በዐደራ የሚቀመጥ ሆነ።

በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ውል መሠረት፣ የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ነገር ግን ሕዝቡ ወዲያው አላመነውም። በዚያን ዘመን የሚታመነው በእጅ ተይዞ የሚመዝነው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር፤ ብዙ ሰውም ብሩን በማሰሮ አድርጎ መሬት ይቀብር ነበር። ሰው በላቡ ያገኘውን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ በምትኩ ወረቀት ይዞ እንዲሄድ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለምና በዚህ ሊነቀፍ አይገባውም። በ1923 ዓ.ም. ባንኩ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተባለ፤ በኢጣልያ ወረራ ተዘጋ። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እርሱም በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ቃል ታሪክን ተሸክሞ የሚጓዝ መሆኑን ነው። የቃሉን ትርጉሞች አንድ በአንድ በቃል ከማጥናት ይልቅ ሥሩን መመርመር ትምህርቱን ያቀላል፤ የራሳችንንም ቋንቋ በአዲስ ዓይን እንድናይ ያደርጋል። ዛሬ በእንግሊዝኛ በአንድ ሰው ላይ «ባንክ» ማድረግ ማለት በእርሱ መተማመን ማለት ነው። ሕንጻው ቢያምር፣ ግምጃ ቤቱም በብረት ቢታጠር፣ ባንክን ባንክ ያደረገው በአግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ታማኝነት ነው፤ እርሱ ሲጐድል አግዳሚው ይሰበራል።