የአርሲ ደጋ ድንጋዮችና ማዕድናት

የአርሲ ደጋ ድንጋዮችና ማዕድናት በኦሮሚያ ክልል፣ በአሰላና በበቆጂ ዙሪያ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኙ፣ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ዓለቶች ናቸው። በቆጂ በዓለም የምትታወቀው እንደ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ባሉ ሯጮች ነው፤ ሯጮቹ ያደጉበት ከፍታ ራሱ ግን የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። አካባቢው የዓለትን አፈጣጠር፣ የበረዶን ሥራና ሰው ድንጋይን እንዴት እንደተጠቀመበት በአንድነት ለመማር ይመቻል።

አፈጣጠር

ጭላሎ፣ በዳና ካካ የተባሉት ተራሮች እያንዳንዳቸው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ጭላሎ ከአሰላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ካካ ደግሞ ከበቆጂ በስተደቡብ ይገኛል። ተራሮቹ የተሠሩት በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ መሬት ስትሰነጠቅ ከውስጥ የወጣው ቅልጥ ዓለት ደጋግሞ እየፈሰሰና እየረጋ ከፍ አድርጓቸዋል። ዛሬ ጸጥ ያሉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዓለቶቹ በዘመን ብዛት ሲበሰብሱ የሰጡት አፈር ስንዴና ገብስ በሰፊው ይበቅልበታል።

የበረዶ ዘመን

በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ የሙቀት መጠኑ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብሎ ነበር። ግግሩ ገፍቶ ያመጣቸው የድንጋይ ክምሮች ከቀለጠ በኋላም በቦታቸው ቀርተዋል። ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ክብና ለስላሳ ሲሆን፣ የግግር ክምር ግን ትልቁንና ትንሹን፣ ሹሉንና ድቡልቡሉን ደባልቆ ይይዛል።

ዋና ዋና ዓለቶች

* ባዛልት፦ ግንበኞች «ጥቁር ድንጋይ» የሚሉት ከባድና ጠንካራ ዓለት ነው። ለቤት መሠረት፣ ለአጥርና ለመንገድ ጠጠር ያገለግላል። ቀዳዳ የበዛበት ዓይነቱ ለወፍጮ ድንጋይና ለመጅ ይመረጣል።
* ትራካይት፦ ከባዛልት ይልቅ ነጣ ያለ ነው፤ በውስጡ የሚያብለጨልጩ የፌልድስፓር ቅንጣቶች ይታያሉ።
* ስኮሪያ፦ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ቀይ ቀለም ይይዛል። በመንገድ ሥራ «ሬድ አሽ» ይባላል።
* ፑሚስ፦ በውስጡ አየር ስላለ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ከስምጥ ሸለቆው ወለል እየተቆፈረ ለብሎኬት ማምረቻ ይውላል።
* ኦብሲዲያን (ባልጩት)፦ ቅልጥ ዓለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር መስታወት ነው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው አሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ ይገኛል። የአሉቶ የከርሰ ምድር እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኃይልም ተመንጭቶበታል።

ድንጋይና ኅብረተሰብ

ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው ጋደሞታ ከ276,000 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በባሌ ተራሮች በፊንጫ ሐበራ ዋሻ ደግሞ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ከዋሻው በላይ ካለ ከፍታ ባልጩት እያመጡ ይጠቀሙ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ በባልጩት ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ኖረዋል።

ከብት አርቢዎችም የማዕድንን ጥቅም ከጥንት ያውቃሉ። ከብቶቻቸውን ሆራ ወደሚባለው ማዕድን ያለበት ውኃ ይወስዳሉ፤ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈርም ያልሳሉ።

ድንጋይን በመስክ መለየት

በብዙ አገሮች የድንጋይና ማዕድን ክበቦች አባላትን ወደ መስክ እያወጡ ያስተምራሉ፤ ስብስባቸውንም ለሕዝብ ያሳያሉ። በአሜሪካ እነዚህን ክበቦች የሚያስተባብረው ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ለመጀመሪያው ትምህርት የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ መዶሻ፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና የዓይን መከላከያ።

ማዕድን በጥንካሬው የሚለየው ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ነው። ጥፍር ወደ 2.5፣ የመስኮት መስታወት ወደ 5.5፣ ኳርትዝ 7፣ አልማዝ 10 ነው። ስለዚህ መስታወትን የሚጭር ነጭ ማዕድን ካልሳይት ሊሆን አይችልም፤ የካልሳይት ጥንካሬ 3 ብቻ ነውና። ካልሳይት አሲድ ሲነካው አረፋም ያወጣል። በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈለፈለበት የኖራ ድንጋይ በዋናነት ከዚህ ማዕድን የተሠራ ነው።

እያንዳንዱ ናሙና የተገኘበት ቦታ፣ ቀንና ከፍታ አብሮት ሊጻፍ ይገባል። ቦታው ያልተመዘገበ ድንጋይ ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ይቀንሳል።

ጥንቃቄና ሕግ

የድንጋይ ካባ ገደል፣ በተለይ ከሥሩ የተቦረቦረ ከሆነ፣ ሳይታሰብ ሊናድ ስለሚችል ከሥሩ መቆም አደገኛ ነው። ዝናብ አደጋውን ያብሰዋል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማዕድን ለማምረትም ፈቃድ ያስፈልጋል። በሰው እጅ የተቀረጸ ባልጩት ደግሞ ተራ ድንጋይ ሳይሆን ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። መሣሪያው የሠሪውን ዘመን የሚናገረው በተገኘበት የአፈር ንብርብር ውስጥ ሳለ በመሆኑ፣ አንስቶ በኪስ የሚይዝ ሰው ድንጋዩን ቢያተርፍ እንኳ ታሪኩን ያጠፋል።