«ተጋላጭ» ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ለተጋላጭ ወገኖች ብርድ ልብስ እናዋጣ» የሚል ማስታወቂያ ተነበበ። በሩ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት እማማ ስለ እርሳቸው እንደሆነ አልገባቸውም። «ማን ተጋለጠ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቃሉ ከ«ገለጠ» የመጣ ነው፤ የሚጋለጠው ምስጢር ነው፣ ሌባ ነው። «ለጎርፍ ተጋላጭ» ቢባል ይገባኛል፤ ብቻውን ሲቆም ግን ሰውን ስም ያሳጣል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 በየስማቸው ይጠራቸዋል፦ መጻተኛ፣ ድኻ አደግ፣ መበለት። በእርሻው የቀረውን ቃርሚያም ለእነርሱ ይተወዋል። እኔ ለአረጋዊ «ጧሪ ያጣ»፣ ለሕፃን «አሳዳጊ ያጣ» እላለሁ፤ መጦር የነበረበት ሰው እንዳለ ቃሉ ራሱ ይናገራልና። ማስታወቂያ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ እማማ በሚገባቸው ቃል ጻፉልን።