መስኮትና መብራት

በእንግሊዝ አገር፥ በዊልትሽር አውራጃ፥ ላኮክ የሚባል ጥንታዊ ገዳመ ደናግል አለ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ለመነኮሳይያት ተሠርቶ፥ ኋላ ገዳማት ሲዘጉ ወደ መሳፍንት መኖሪያነት የተለወጠ ነው። የዚህ ቤት ጌታ የነበረው ሊቅ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በኦገስት 1835 (እ.ኤ.አ.) በጨው ውሃ ነክሮ በብር ናይትሬት የቀባውን ወረቀት ከትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አግብቶ፥ ሣጥኑን ከአዳራሹ መስኮት ፊት ለፊት ባኖረው ጊዜ፥ ብርሃኑ የመስኮቱን መልክ በወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሥዕሉ ከፖስታ ቴምብር እምብዛም የማይበልጥ፥ መስተዋቱ ጠቍሮ ፍርግርጉ ነጥቶ የሚታይ ሲሆን፥ ታልቦት ራሱ እንደ መሰከረው፥ በአጕሊ መነጽር ለተመለከተው ሰው ሁለት መቶ ያህሉን የመስተዋት ክፍል ለመቍጠር ያስችል ነበር። እስከ ዛሬ ከተጠበቁት ኔጌቲቮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው።

መስኮት ለፎቶግራፍ ጥበብ የመጀመሪያ መምህር እንደ ሆነ ሁሉ የመጀመሪያ ፈተናም ሆነበት። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እጅግ ሲበረታ የክፍሉ ማዕዘን በጨለማ ይዋጣል፤ ከዚህም በላይ ብርሃኑ ሥዕሉ በሚነሣበት የመስተዋት ሰሌዳ ውስጥ አልፎ ከጀርባው ሲመለስ፥ በመስኮቱ ዙሪያ እንደ ጸዳል የተበተነ ጭጋግ ይተዋል። ስለዚህ ብልሆቹ የሰሌዳውን ጀርባ ጥቍር ቀለም ይቀቡት ነበር። የመጻሕፍት ነጋዴነቱን ትቶ አድባራትን በማንሣት የታወቀው ፍሬድሪክ ኤቫንስ በ1903 በእንግሊዟ የዌልስ ከተማ ካቴድራል፥ በብዙ ዘመን እግር የተረገጡትን የድንጋይ ደረጃዎች እንደ ባሕር ማዕበል ሲነሡና ሲወድቁ ያሳየን መብራት ጨምሮ ሳይሆን፥ ቀኑ ራሱ ጥላውን እስኪያለዝብለት ድረስ ታግሦ ነው።

መስኮት ወደሌለበት ስፍራ ለገባ ሰው ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ናዳር በ1861 ከፓሪስ ከተማ በታች ወዳለው የአፅም ዋሻ የኤሌክትሪክ ብርሃን ይዞ ወረደ፤ አንዱን ሥዕል ለማንሣት እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ስለ ነበረና ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ስለማይገኝ፥ በሠራተኛ ፈንታ ልብስ ያለበሰውን አሻንጉሊት አቆመ። በ1887 ደግሞ ጀርመኖች የማግኒዝየም ዱቄት በቅጽበት የሚነድበትን ዘዴ አወጡ፤ ጭሱ ቢያስቸግርም ጨለማው ክፍል ተከፈተ።

ሥዕሉ ጥቍርና ነጭ በነበረበት ዘመን የመስኮቱና የመብራቱ ብርሃን አብረው ቢገቡ የሚያጣላቸው ነገር አልነበረም። ጠቡ የተገለጠው ከ1935 በኋላ፥ እንደ ኮዳክሮም ያሉት የቀለም ፊልሞች ሲስፋፉ ነው። የቀን ብርሃን የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን መስፈሪያ 5500 ያህል ሲሆን የስቱዲዮ አምፖል 3200 ነው፤ ዓይናችን ሁለቱን አስታርቆ ነጩን ነጭ ብሎ ያልፋል፤ ፊልም ግን ዕርቅን ስለማያውቅ አንዱን ነጭ ቢያደርግ ሌላውን ወይ ሰማያዊ ወይ ቢጫ ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎች አንዳንዴ መብራቱን በሰማያዊ፥ አንዳንዴም መስኮቱን በብርቱካናማ ስስ ሽፋን እየሸፈኑ፥ በአንድ ቤት ሁለት አባወራ እንዳይኖር ደከሙ።

እኔን ይህን ነገር ከመጻሕፍት ይልቅ ያስተማረኝ፥ ሌሊት በተጀመረ ቅዳሴ መጨረሻ ላይ ያየሁት የአንዲት እናት ነጠላ ነው። ጎሕ ሲቀድ በመስኮቱ በኩል ያለው ትከሻቸው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፥ በእጃቸው በያዙት ጧፍ በኩል ያለው ጥለት ወርቅ መስሎ ነበር፤ ነጠላው ግን አንድ ነጠላ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ በዚያች ሰዓት ጧፉን በሌላ መብራት ቢያሸንፈው የሰዓቲቱን እውነት ያጠፋል፤ ፊልሙን ለመስኮቱ ብርሃን አስተካክሎ ጧፉን በወርቅነቱ ቢተወው ግን ቀኑ መንጋቱን፥ እኒያ እናትም ሌሊቱን ቆመው ማደራቸውን ሥዕሉ ይመሰክራል።