ዲንያንዲ፦ በአይስላንድ ዳርቻ የሚያስገመግመው ፏፏቴ

አይስላንድን የሚጎበኙ መንገደኞች አብዛኞቹ ከዋና ከተማዋ ከሬይካቪክ እምብዛም አይርቁም። በደቡብ ያሉት ስመ ጥር ፏፏቴዎች በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታዩ ናቸው። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። በዚያ አቅጣጫ፣ በጥንት ግግር በረዶ ተቦርቡረው ባሕር የገባባቸው ጠባብ ሸለቆዎች፣ ማለትም ፊዮርዶች፣ የሚሸነሽኑት ሰፊ ባሕረ ገብ መሬት አለ። በመላው አካባቢ የሚኖረው ሰው 7,000 ገደማ ብቻ ነው። ዲንያንዲ የተባለው ፏፏቴ የሚገኘው በዚህ ምድር፣ አርናርፊዮርዱር በተባለው ፊዮርድ ዳር ነው።

ስሙ በአገሬው ቋንቋ “የሚያስገመግም” ማለት ነው። ውኃው ከ100 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ ከአናቱ 30 ሜትር፣ ከግርጌው 60 ሜትር ያህል ይሰፋል። ብዙዎች ከሙሽራ ዓይነ ርግብ ጋር ማመሳሰላቸው ስለዚህ ነው። ይህ ቅርጽ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአካባቢው ተራራ በአይስላንድ ውስጥ ከሚገኙት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አለቶች የተሠራ ሲሆን፣ በየዘመኑ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ እንደ እንጀራ ተደራርቦበታል። በንጣፎቹ መካከል ያለው ለስላሳ አፈር በውኃ ሲሸረሸር ጠንካራው ባዛልት ደረጃ ሆኖ ይቀራል። ወንዙ የሚወርደው በእነዚህ ደረጃዎች ላይ እየተንሸራተተ ነው።

ከዋናው ፏፏቴ በታች ሌሎች አነስተኛ ፏፏቴዎች ተከታትለው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ አንዱ “የውሻ ፏፏቴ”፣ ሌላው “የእግረኛ ፏፏቴ” ይባላል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዋናው ግርጌ ያለው ሽቅብ የእግር መንገድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። አጭር ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ጠሉ ድንጋዩን ያርሰዋል፣ እርጥብ ባዛልትም ያንሸራትታል። ከተከለለው መንገድ መውጣትም ጥፋት ነው፤ በዚህ ቅዝቃዜ የተረገጠ ሽበት መልሶ የሚያገግመው በብዙ ዓመታት ነውና።

በዚሁ ፊዮርድ ጫፍ፣ ከዲንያንዲ ብዙም ሳይርቅ፣ ሚዮልካው የተባለ የውኃ ኃይል ማመንጫ እ.አ.አ ከ1958 ጀምሮ ይሠራል። የዲንያንዲ ፏፏቴና አካባቢው ግን እ.አ.አ በ1981 በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሏል። በአንድ ፊዮርድ ውስጥ አንዱ ወራጅ ለመብራት ሲውል ሌላው ለዕይታ ተትቷል።

ለጎብኚው ዋናው ፈተና መንገዱ ነው። ለረጅም ዘመን ከኢሳፊዮርዱር ከተማ በኩል የሚመጣ ሰው ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ማቋረጥ ነበረበት። ይህም መተላለፊያ በበረዶው ወራት ለረጅም ጊዜ ይዘጋ ነበር። እ.አ.አ በ2020 መገባደጃ 5.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተከፍቶ መንገዱን በ27 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳጠረው። በደቡብ በኩል ያለው ከፍተኛ ሜዳ ግን አሁንም ለበረዶና ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ተስማሚው ጊዜ በአገራችን ክረምት የሚገባበት ሰኔና ተከታዮቹ ሁለት ወራት ናቸው። ከመነሣት በፊት በስልክ ቁጥር 1777 የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል፤ ለድንገተኛ አደጋ 112 ይደወላል። በፏፏቴው አጠገብ ነዳጅም ምግብም ስለማይሸጥ ስንቅ መያዝ የግድ ነው።

አይስላንድ የሼንገን አባል ናት። ስለዚህ በአባል አገሮች ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድና የጸና ፓስፖርት ያለው ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም።

ጊዜ ያለው መንገደኛ በፊዮርዱ ሰሜናዊ ዳር ያለችውን ራፍንሴይሪን ቢያይ መልካም ነው። የአይስላንድን የነጻነት ጥያቄ የመራው ዮን ሲጉርድሶን እ.አ.አ ሰኔ 17 ቀን 1811 የተወለደው እዚያ ነው። ሪፐብሊኩ በ1944 የታወጀውም በልደቱ ቀን ነበር። አዲሱ ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ ዋናው መንገድ በደጇ አያልፍም፤ ሆን ብሎ መታጠፍን ይጠይቃል።

በቀን በኢሳፊዮርዱር የሚቆሙ የመርከብ ቱሪስቶች በአውቶቡስ ወደ ፏፏቴው ይጎርፋሉ። በሰኔ ሌሊቱ ስለማይጨልም ከእራት በኋላ የሚደርስ ሰው ግርማውን ያለ ግርግር ያያል።